ማዕረግ በማይወረስበት አገር ማዕረግ ያወረሰ ቤት

በብሪታንያ መሳፍንት መዝገብ ውስጥ «የመቅደላው ባሮን ናፒየር» የሚባል ማዕረግ አለ። አዎ፣ የእኛው መቅደላ! ጄኔራል ሮበርት ናፒየር ሚያዝያ 1860 ዓ.ም መቅደላ ላይ የአፄ ቴዎድሮስን ጦር አሸንፎ ሲመለስ ንግሥት ቪክቶሪያ የባሮንነት ማዕረግ ሰጡት፤ ለማዕረጉ መጠሪያ የሆነውም ያው የወሎው አምባ ነው። ጄኔራሉ ከሞተ ከ130 ዓመት በላይ አልፎታል። ማዕረጉ ግን ከአባት ወደ ልጅ፣ ሲያስፈልግም ከወንድም ወደ ወንድም እየተላለፈ ኖረ። ወራሾቹ መዝመት፣ አገር ማስተዳደር ወይም ግብር ማብላት አልተጠበቀባቸውም። መወለዳቸው ብቻ በቂ ነበር።

በእኛስ አገር? ራስ፣ ደጃዝማች፣ ፊታውራሪ ሲባል በኖረበት አገር የራስ ልጅ ለምን በውርስ ራስ አይሆንም ነበር? ማዕረግ የማይወረስ ከሆነስ «የመሳፍንት ዘር» የሚባለው ሰው የወረሰው ምንድን ነው? ይህን ጉዳይ ለማውጋት ከእንጦጦ የተሻለ ቦታ አላውቅም። ከጉለሌ ሽቅብ ወጥታችሁ፣ ባሕር ዛፉን አልፋችሁ እንጦጦ ማርያም ግቢ ስትደርሱ የቆማችሁት አንድ የመንዝ ቤተሰብ፣ ሥልጣን ከአባት ወደ ልጅ ሲያስተላልፍ ኖሮ በዘጠነኛው ትውልድ የመጨረሻውን ደረጃ በረገጠበት መሬት ላይ ነው። ይህ ቤት ልማዱ በማይፈቅደው አገር ማዕረግን እንዴት ሊያወርስ ቻለ? እስቲ ከሥሩ እንነሣ።

የራስ ልጅ ለምን ራስ አይሆንም?

አብዛኞቹ የድሮ ማዕረጎች ከጦር አሰላለፍ የወጡ ናቸው። ፊታውራሪው ከፊት ይቀድማል፤ ቀኛዝማቹ የቀኙን፣ ግራዝማቹ የግራውን ክንፍ ይመራል። ደጃዝማቹ ከእነዚህ በላይ ነው፤ ራስ ደግሞ ከንጉሥ በታች ያለው ትልቁ ሹመት ነው። ማዕረጉ ሥራ ነውና ሿሚም ሻሪም አለው። ንጉሡ ሰውየውን ሾሞ አገር ይሰጠዋል። ሰውየው ከአገሩ ግብር ይበላል፤ ክተት ሲባል ሠራዊቱን ይዞ ይመጣል። ካጠፋ ወይም ንጉሡ ከጠረጠረው ይሻራል፤ ሲሞትም ሹመቱ ወደ ሰጪው ይመለሳል። የትልቅ ሰው ልጅ «ልጅ እገሌ» እየተባለ በቤተ መንግሥት አካባቢ ያድጋል። ዕድሉ ከገበሬው ልጅ እጅግ የሰፋ ቢሆንም የአባቱን ማዕረግ ለማግኘት ማገልገልና መሾም ይኖርበታል።

በሩ ለሌላም ክፍት ስለነበር ከታች የሚወጣ ሰው አይጠፋም። ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴን አስቧቸው። በልጅነታቸው በጦርነት ተማርከው ሸዋ የገቡ ሰው ናቸው። ከዚያ ተነሥተው የዳግማዊ ምኒልክ የጦር ሚኒስትር ሆኑ፤ ከንጉሠ ነገሥቱ ሞት በኋላም እሳቸው ያልመከሩበት ትልቅ ጉዳይ አልነበረም። የዓድዋው ደጃዝማች ባልቻ ሳፎም በልጅነታቸው ተማርከው በምኒልክ ቤት ያደጉ ናቸው። አሁን ደግሞ መጨረሻውን እዩ። ሀብተ ጊዮርጊስ በ1919 ዓ.ም ሲሞቱ ያን ሁሉ ሠራዊትና ሰፊ መሬት የጠቀለሉት አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ ነበሩ። ማዕረግ በሚወረስባት ብሪታንያ፣ ለምሳሌ በስኮትላንድ፣ ያለ አንድ ባላባት ይህን ቢሰማ ዘረፋ ነው ሊል ይችላል። በእኛ ሥርዓት ግን የመንግሥት የነበረው ወደ መንግሥት ተመለሰ ማለት ነው።

ሁለተኛው ምክንያት መሬት ነው። በስኮትላንድ ርስቱንም ማዕረጉንም በአብዛኛው የበኩር ልጅ ይጠቀልለዋል፤ ታናናሾቹ ወደ ጦር ሠራዊት፣ ወደ ቤተ ክርስቲያን፣ ወደ ንግድ ወይም ወደ ሕንድ ይሄዳሉ። ይዞታው ሳይከፋፈል ለብዙ መቶ ዓመታት በአንድ ስም ሥር የሚቆየው ለዚህ ነው። በአማራው አገር ግን ርስት ከእናትም ከአባትም ይመጣል፤ ለሴቱም ለወንዱም ይደርሳል። ስለዚህ ትልቅ ይዞታ በሁለትና በሦስት ትውልድ ይበታተናል። ለሹም የሚሰጠው ጉልት ደግሞ በሹመቱ ላይ የተንጠለጠለ በመሆኑ ሹመቱ ሲሄድ አብሮ ይሄዳል። በዚህ ላይ የቤተሰብ ስም የለንም። የአባት ስም በየትውልዱ ይቀየራልና «የእገሌ ቤት» ተብሎ ለ500 ዓመት የሚጠራ ነገር ማቆየት ከባድ ነው።

ከደንቡ ያፈነገጡት

ይህ ማለት ግን የሚወረስ ማዕረግ ጨርሶ አልነበረም ማለት አይደለም። ዋናው ምሳሌ ዋግሹም ነው። ዋግን ከሰቆጣ ሆነው የሚገዙት ዋግሹሞች የዛግዌ ነገሥታት ዘር ነን ይላሉ። በትውፊት እንደሚነገረው ሥልጣን በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ወደ አፄ ይኩኖ አምላክ ሲዞር ለወረደው ቤት ዋግ ተተወለት፤ የዋጉ ገዥም በነጋሪትና በብር ዙፋን እንዲከበር ተፈቀደለት። የአምባሰሉ ጃንጥራርም እንዲሁ በዘር የሚተላለፍ ማዕረግ ነበር። የእቴጌ መነን አባት ጃንጥራር አስፋው የሚባሉት ለዚህ ነው። በይፋት ደግሞ ወላስማ የሚለው ማዕረግ የጥንቱን የይፋት ሱልጣኖች ቤት ስም ይዞ ቆይቷል።

ሦስቱም ከመሀል አገር ራቅ ያሉ፣ አምባና ገደል የከለላቸው አገሮች ናቸው። ሦስቱም ጋ ከንጉሠ ነገሥቱ ሹመት የሚቀድም የአካባቢው የራሱ ታሪክ አለ። ንጉሠ ነገሥቱ ባለማዕረጉን ሊያስር፣ በወንድሙ ወይም በአጎቱ ልጅ ሊተካው ይችላል፤ ከቤቱ ውጭ ሰው ልሹም ቢል ግን አገሩ አይገዛለትም።

የእነዚህ ቤቶች አቅም የት ድረስ እንደሆነ ለማየት ዋግሹም ጎበዜን ውሰዱ። ቴዎድሮስ እንደ ሞቱ በ1860 ዓ.ም አፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ነገሡ። አሁን ናፒየር እንደገና ይመጣል! ጄኔራሉ ሲመለስ መንገድ ለከፈቱለት ለትግራዩ ደጃዝማች ካሳ ምርጫ መድፍና ጠመንጃ ትቶላቸው ነበር። ካሳ ያንን መሣሪያ ይዘው በሐምሌ 1863 ዓ.ም ዓድዋ አጠገብ በቁጥር እጅግ የሚበልጠውን የተክለ ጊዮርጊስን ጦር ድል አደረጉ፤ ቀጥለውም አፄ ዮሐንስ አራተኛ ተብለው ነገሡ። የስድስት መቶ ዓመት የዘር ሐረግ ከባሕር ማዶ የመጣ መድፍ አልመለሰም።

ከመንዝ የተነሣው ቤት

ወደ እንጦጦው ቤተሰብ እንምጣ። የሸዋ ነገሥታት ዘራቸውን የሚቆጥሩት ከአፄ ልብነ ድንግል ነው። ከግራኝ አሕመድ ጦርነት በኋላ ነገሥታቱ ወደ ሰሜን ርቀው መናገሻቸውን በጎንደር ሲያቆሙ የልብነ ድንግል ልጅ የያዕቆብ ዘር በመንዝ ቀረ ይላሉ። በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ከዚህ ዘር ነጋሲ የተባለ ሰው ተነሥቶ መንዝን አንድ በአንድ ሰበሰበ። ልጁ ሰብስትያኖስ መርዕድ አዝማች የሚለውን ማዕረግ ያዘ። ማዕረጉ ከጎንደር ቤተ መንግሥት ጋር የተያያዘ ቢሆንም ጎንደር ሩቅ ነው፤ በመሀል ያለው አገርም ለንጉሠ ነገሥቱ ጦር አይመችም። ስለዚህ መርዕድ አዝማቹ ሲሞት ጎንደር አዲስ ሰው መርጣ አትልክም፤ ልጁ ይተካል።

ቅደም ተከተሉን ላስቀምጥላችሁ፤ ሙሉውን ማየት ደስ ይላል። ነጋሲ፣ ሰብስትያኖስ፣ አቢዬ፣ አምኃ ኢየሱስ፣ አስፋ ወሰን፣ ወሰን ሰገድ፣ ሳህለ ሥላሴ፣ ኃይለ መለኮት፣ ምኒልክ። እያንዳንዱ የፊተኛው ልጅ ነው። የጎንደር ነገሥታት በየጊዜው በሚሻሩበትና በሚሾሙበት በዘመነ መሳፍንት እንኳ ይህ ሰንሰለት አልተበጠሰም።

እዚህ ላይ አንድ እውነተኛ ስኮትላንዳዊ ይገባል። ጄምስ ብሩስ ከኪናርድ የመጣ ባለርስት ነው፤ በ1762 ዓ.ም ጎንደር ገብቶ ሁለት ዓመት ገደማ ተቀመጠ። በመጽሐፉ አምኃ ኢየሱስ የተባለ የሸዋ ልዑል 1,000 ፈረሰኛ አስከትሎ፣ 500 ወቄት ወርቅም ይዞ ለንጉሠ ነገሥቱ አገልግሎቱን ሊያቀርብ ጎንደር እንደ መጣ ጽፏል። ትዕይንቱ ብዙ ይናገራል። ሸዋዎች ለጎንደር እጅ ይነሣሉ፤ ሲመጡ ግን በራሳቸው ፈረስና በራሳቸው ወርቅ ነው። ተሿሚ መስለው የሚቀርቡት ባለቤቶች ናቸው።

ማዕረጉም ቢሆን ባለበት አልቆመም። አምኃ ኢየሱስ አንኮበርን ያዘ። ወሰን ሰገድ መርዕድ አዝማችነት አንሶት ራስ ተባለ። ሳህለ ሥላሴ ደግሞ ጎንደርን ሳያስፈቅዱ ራሳቸውን ንጉሥ አሉ። ያኔ በጎንደር ያለው ንጉሠ ነገሥት የስም ብቻ ስለነበር የሚከለክላቸው አልነበረም።

ወንድም የት ይግባ?

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ሰላማዊ ሊመስል ይችላል፤ አልነበረም። የበኩር ልጅ ይወርሳል የሚል የጸና ሕግ ከሌለ የንጉሡ ልጆች ሁሉ ተወዳዳሪዎች ናቸው። ወሰን ሰገድ በ1805 ዓ.ም በሰው እጅ ተገደለ። አልጋው ለታላቁ ልጅ ለባኩሬ ይገባ ነበር። ታናሹ ሳህለ ሥላሴ ግን ገና የ18 ዓመት ገደማ ወጣት ሳሉ ቀድመው ደርሰው አልጋውን ያዙ፤ ባኩሬ ዘግይቶ ደረሰና ታሰረ።

የሚታሰሩበት ቦታ ስም አለው፤ ጎንጮ ይባላል። በይፋት በኩል ያለ አምባ ሲሆን ጠባቂው ወላስማ መሐመድ ነበር። እስረኞቹ ወንጀለኞች አይደሉም፤ ጥፋታቸው ከንጉሥ መወለዳቸው ነው። የሸዋው ቤት ይህን አልፈለሰፈውም። ቀደም ብሎ አምባ ግሸን፣ በጎንደር ዘመንም ወኅኒ አምባ ለዚሁ ጉዳይ አገልግለዋል። ከ1833 ዓ.ም ጀምሮ በሸዋ የተቀመጠው የእንግሊዙ መልእክተኛ ዊሊያም ኮርንዋሊስ ሃሪስ ሳህለ ሥላሴ በኋላ ላይ የታሰሩትን ዘመዶቻቸውን እንደ ፈቱ በመጽሐፉ ተርኳል። ከዓመታት የጨለማ እስር በኋላ ወንድሞች ከንጉሡ ፊት ቀርበው ሲፈቱ በዓይኑ ያየው ነገር ስለሆነ ለብቻው ምዕራፍ ሰጥቶታል።

ይህ ክፉ ልማድ ማዕረጉ ሳይበተን እንዲቆይ ያደረገ መሣሪያ ነው። ስኮትላንዳውያን ታናናሽ ወንድሞችን በሕግ ከውርስ ያስወጣሉ፤ ታናሹ ሌላ ኑሮ ይፈልጋል። እዚህ ሕጉ በሌለበት አምባው የሕጉን ሥራ ሠራ። ሰብስቤ ስናገረው ደረቅ ይመስላል እንጂ ለእያንዳንዱ የንጉሥ ልጅ የሕይወት ጉዳይ ነበር።

ያለ ጋብቻ የተወለደው ወራሽ

ምኒልክ ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም አንጎለላ ላይ ተወለዱ። አባታቸው የሳህለ ሥላሴ ልጅ ኃይለ መለኮት ናቸው፤ እናታቸው እጅጋየሁ ግን ከመሳፍንት ወገን አልነበሩም፤ በቤተ መንግሥት ያገለግሉ የነበሩ ሴት ናቸው። ሲወለዱም ወላጆቻቸው በሕግ አልተጋቡም ነበር። ይህ ልጅ በስኮትላንድ ቢወለድ ኖሮ ወላጆቹ በኋላ ካልተጋቡ በቀር የአባቱን ማዕረግ የሚወርስበት መንገድ አልነበረም፤ በዚያ ሕግ ማዕረግ ለመውረስ የወላጆች ጋብቻ ያስፈልጋል። በእኛ ልማድ ግን አባት ልጄ ነው ካለ ልጅ ነው። ሳህለ ሥላሴም የልጅ ልጃቸውን ምኒልክ ብለው ሰየሙት። ስሙ ራሱ ፖለቲካ ነበር፤ የንግሥተ ሳባንና የሰሎሞንን ልጅ የሚያስታውስ ነውና።

በ1848 ዓ.ም አፄ ቴዎድሮስ ሸዋን ሊያስገብሩ ዘመቱ። ኃይለ መለኮት በዚያው ሰሞን ታመው ሞቱ። የ11 ዓመቱ ምኒልክም ተማርኮ ሄደ፤ ኋላም መቅደላ ላይ ተቀመጠ። ቴዎድሮስ ያደረጉትን ልብ በሉ። የሸዋን ንጉሥነት ሻሩት። የሳህለ ሥላሴን ሌላ ልጅ ኃይለ ሚካኤልን አገረ ገዥ አድርገው ሲሾሙ የሰጧቸው ማዕረግ መርዕድ አዝማች ነበር። በሁለት ትውልድ ወደ ላይ የወጣው መሰላል በአንድ ቀን ወደ ታች ወረደ። መልእክቱ ግልጽ ነው፤ ማዕረግ የሚሰጠው ንጉሠ ነገሥቱ ነው።

ቴዎድሮስ ለምኒልክ ግን ክፉ አልነበሩም። የደጃዝማችነት ማዕረግ ሰጧቸው፤ ልጃቸውን አልጣሽንም ዳሩላቸው። ቢሆንም በሰኔ 1857 ዓ.ም ምኒልክ ከመቅደላ አመለጡ፤ በወሎዋ ገዥ በወርቂቱ እርዳታም ሸዋ ገቡ። ያኔ ሸዋን የያዘው ቴዎድሮስ ሾመውት ኋላ የከዳቸውና ራሱን ንጉሥ ያለው በዛብህ ነበር። ጦር ነበረው፤ መሣሪያም ነበረው። ሆኖም የኃይለ መለኮት ልጅ መጣ ሲባል ብዙ ሰው እየከዳው ወደ ምኒልክ ዞረ። የዘር ትርጉም እዚህ ላይ በደንብ ይታያል። ዘር ብቻውን ሹመት አይሰጥም፤ እንደ ዋስ ሆኖ ግን ተከታይ ያመጣል። ሠራዊቱ የማያውቀውን ወጣት የሚያምነው አባቱንና አያቱን ስለሚያውቅ ነው።

ለምን እንጦጦ?

ምኒልክ መጀመሪያ ከአንኮበርና ከልቼ ሆነው ሸዋን ገዙ። መጋቢት 1870 ዓ.ም ልቼ ላይ በአንገታቸው ድንጋይ ተሸክመው ለአፄ ዮሐንስ ገቡ፤ ዮሐንስም የሸዋ ንጉሥ ብለው አነገሧቸው። አያታቸው ለራሳቸው የወሰዱት ማዕረግ አሁን በንጉሠ ነገሥቱ እጅ ተሰጠ። ውርደት ይመስላል፤ ግን ቴዎድሮስ የሻሩት የሸዋ ንጉሥነት በዚያ ቀን ሕጋዊ ሆኖ ተመለሰ።

ከዚያ ወደ ደቡብና ምዕራብ እየተስፋፉ ሲሄዱ መናገሻቸውን ወደ እንጦጦ አዞሩ። የተራራው ጥቅም ግልጽ ነው። ከባሕር ወለል በላይ 3,000 ሜትር ገደማ ነውና ማንም ሳይታይ አይቀርበውም። ብርዱ፣ ንፋሱና የማገዶ እጦቱ ግን የሚያስመርር ነበር። ታዲያ ለምን? አንዱ መልስ ከዘር ቆጠራው ጋር ይገናኛል። እንጦጦ ላይ የቀድሞ ከተማ ፍርስራሽ ነበረ፤ የአፄ ዳዊት ነው ሲሉ አንዳንዶቹም የልብነ ድንግል ነው ይሉ ነበር፤ ልብነ ድንግልም በሌላ ስማቸው ዳዊት ይባላሉ። የልብነ ድንግል ወራሽ ነኝ ለሚል ቤት ከዚህ የበለጠ ቦታ ከየት ይገኛል? ተራራው ላይ ቤት መሥራት የአባትን ርስት እንደ ማቅናት ይቆጠራል።

ዛሬ ያንን ቤተ መንግሥት ሄዳችሁ ስታዩት ያስገርማል። ግድግዳው እንጨትና ጭቃ ነው፤ ጣሪያው ሣር። በዓይን ብቻ የምትለኩ ከሆነ የስኮትላንድ አነስተኛ ባላባት ጋጣ ከዚህ የጠነከረ ድንጋይ ሊኖረው ይችላል። አጠገቡ ባለው የእንጦጦ ማርያም ሙዚየም ውስጥ ግን የንጉሠ ነገሥቱና የእቴጌይቱ ልብሶች ይታያሉ። የሥልጣኑ ክብር በግንብ ላይ አልነበረም፤ በልብሱ፣ በነጋሪቱ፣ በግብሩና በሚከተለው ሰው ላይ ነበር። መናገሻ ሲዛወር ሁሉም ተጠቅልሎ ይሄዳል። በ1879 ዓ.ም እቴጌ ጣይቱ ፍልውሃ አጠገብ ቤት አሠርተው ስሙን አዲስ አበባ አሉት፤ ቤተ መንግሥቱም ብዙ ሳይቆይ ቁልቁል ወረደ።

ትልቁ ቀን ግን የእንጦጦ ነው። መጋቢት 1881 ዓ.ም አፄ ዮሐንስ መተማ ላይ ቆስለው ሲሞቱ ራስ መንገሻን ልጄና ወራሼ ብለው ነበር። የመጨረሻ ኑዛዜ ነው፤ የደም ወራሽ ነው። ነገር ግን ጦሩ ተበትኗል፤ መሣሪያውና አገሩ በምኒልክ እጅ ነው። ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም አቡነ ማቴዎስ ስምንት ማዕዘኗ እንጦጦ ማርያም ውስጥ ምኒልክን ቀብተው ንጉሠ ነገሥት ብለው ዘውድ ደፉላቸው። ከሁለት ቀን በኋላ ጣይቱ እቴጌ ተብለው ዘውድ ጫኑ። ከመርዕድ አዝማች የተነሣው መሰላል እዚህ አለቀ።

በሴት በኩል የዞረው ሐረግ

ከዘጠነኛው በኋላስ? ምኒልክ የሚወርስ ወንድ ልጅ አላቆዩም። ከዚህ በኋላ ያለው ታሪክ በሴቶቹ በኩል የሚያልፍ ነው። ልጅ ኢያሱ የምኒልክ ልጅ የሸዋረጋ ልጅ ናቸው፤ ሳይቀቡና ዘውድ ሳይጭኑ መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም ተሻሩ። ቀጥለው የነገሡት ሌላዋ የምኒልክ ልጅ ዘውዲቱ ናቸው፤ የካቲት 4 ቀን 1909 ዓ.ም ንግሥተ ነገሥታት ተብለው ዘውድ ጫኑ። አልጋ ወራሽ የሆኑት ተፈሪ ደግሞ የራስ መኰንን ልጅ ናቸው፤ የመኰንን እናት ተናኘወርቅ የሳህለ ሥላሴ ልጅ ነበሩ። በብዙዎቹ የስኮትላንድና የእንግሊዝ ማዕረጎች ደንብ ይህ ሐረግ ከቁጥር ውጭ ይሆን ነበር፤ የማዕረጉ ደብዳቤ ብዙውን ጊዜ «ከአብራኩ ለሚወለዱ ወንዶች» ስለሚል።

እዚያም ቢሆን ግን ብልሃት አይጠፋም። ጎንደር የመጣው ብሩስ በወንድ በኩል ዘሩ ሄይ ከሚባል ቤት ነው። አያቱ ሄለን ብሩስ የኪናርድ ወራሽ ነበሩና ባላቸው ዴቪድ ሄይ ሲያገቧቸው የእሳቸውን የቤተሰብ ስም ወሰዱ። ርስቱ በሴት ተላለፈ፤ ስሙ ግን እንዳይጠፋ ባል ስሙን ለወጠ። በሸዋ ስም መለወጥ አላስፈለገም። አያትን ጠርቶ «የሳህለ ሥላሴ ዘር» ማለት ይበቃል።

ተፈሪ ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተብለው ነገሡ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 9 ቀን የመጀመሪያውን ሕገ መንግሥት ሰጡ። ሦስተኛውን አንቀጽ ልብ በሉት። ዘውዱ ለዘለዓለም ከኃይለ ሥላሴ ዘር እንዳይወጣ ይደነግጋል፤ ንጉሠ ነገሥቱንም የንጉሥ ሳህለ ሥላሴ ተወላጅ ብሎ ይጠራል። በጎንጮና በጦር ሜዳ ሲጠበቅ የኖረው ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ ወረቀት ላይ ሰፈረ። እንደ ናፒየር የማዕረግ ደብዳቤ ማለት ነው።

በጣም የምወደው ዝርዝር ደግሞ ይኸውላችሁ። የንጉሠ ነገሥቱ የበኩር ልጅ አስፋ ወሰን ይባላሉ፤ ስሙ የአምስተኛው ትውልድ አባት ስም ነው። አልጋ ወራሽ ሲሆኑ የተሰጣቸው ማዕረግስ? መርዕድ አዝማች! ቴዎድሮስ ሸዋን ዝቅ ለማድረግ የተጠቀሙበት ማዕረግ ከ75 ዓመት ገደማ በኋላ የዘውዱ ወራሽ መለያ ሆነ። ቤተሰቡ ከየት እንደ ተነሣ አልረሳም ነበር።

ሥራው ሲቀር

መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም ደርግ ኃይለ ሥላሴን ከዙፋን አወረደ። በዚያው አዋጅ መርዕድ አዝማች አስፋ ወሰን ንጉሥ እንዲሆኑ ጠራ፤ እሳቸው ግን ታመው ስዊዘርላንድ ነበሩ፤ አልመጡም። ከስድስት ወር በኋላ፣ በመጋቢት 1967 ዓ.ም፣ ደርግ ዘውዱን ከነማዕረጎቹ ሻረው። ከዚያ ጥቂት ሳምንታት ቀድሞ፣ የካቲት 25 ቀን፣ የገጠር መሬት አዋጅ ባላባቱ የቆመበትን መሬት ከሥሩ ወስዶት ነበር። አስፋ ወሰን በ1989 ዓ.ም በስደት አሜሪካ ሞተው አስከሬናቸው አዲስ አበባ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀበረ።

አሁን ከመነሻችን ጥያቄ ጋር እንተሳሰብ። የብሪታንያ ባለውርስ መሳፍንት አብዛኞቹ በ1992 ዓ.ም በወጣ ሕግ በላይኛው ምክር ቤት የነበራቸውን መቀመጫ አጡ። ማዕረጋቸው ግን አልተነካም፤ ወረቀት የሰጠው ስም ሥራ ሳይኖረውም ይቆያል። በእኛ አገር ማዕረግ ሥራ ነበርና ሥራው ሲቀር ማዕረጉም ቀረ። ዛሬ አንድ ሰው «አያቴ ደጃዝማች ነበሩ» ቢላችሁ የሚነግራችሁ አያቱ የሠሩትን ነው፤ እሱ የወረሰውን አይደለም።

የሸዋው ቤት ለየት የሚለው በዚህ ነው። የወረሱት ማዕረግ ሳይሆን ማዕረጉን የመጠየቅ መብት ነበር። ያንን መብት እያንዳንዱ ትውልድ በጦር፣ በእስር፣ በጋብቻ፣ በኑዛዜና በዘር ቆጠራ እንደገና ማስከበር ነበረበት። ስምንት ጊዜ ከአባት ወደ ልጅ ተሳካላቸው፤ ከዚያም በሴት ልጆች በኩል ዞሮ ሌላ 60 ዓመት ገፋ። እንጦጦ ስትወጡ የጭቃው ቤተ መንግሥት ትንሽነት አያታልላችሁ። እዚያ የተደፋው ዘውድ ከናፒየር ባሮንነት የሚለየው በትልቅነቱ ብቻ አይደለም፤ ናፒየሮች መቅደላን አንድ ጊዜ አሸንፈው ለዘላለም ወረሱ፤ ሸዋዎች በየትውልዱ እንደ አዲስ ማሸነፍ ነበረባቸው።